በተሻለች በኩል

የሃኒ የሆድ ሕመም የጀመረው ልጅቷ አስራ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቁርስ ቀርቦ ትቀመጥና ፊቷ አመድ ይመስላል፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እጥፍ ትላለች። እናቷ ተሻለች “ራት ሳትበዪ ስለምታድሪ ነው” አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ “ጨጓራ ነው” አለች። ጨጓራ በቤተሰቡ እንግዳ ነገር አልነበረም። ተሻለችንም ያማታል፣ ሁሩታ ያሉትን አባቷንም ያማቸዋል። በርበሬ ከልጅቷ ትሪ ላይ ቀረ፤ ሕመሙ ግን አልቀረም።

ቆየት ብሎ ክፍል ውስጥም ይነሣባት ጀመር። ከትምህርት ቤት ይደወላል፤ ተሻለች መጋረጃ የምትሰፋበትን ሱቅ ለጎረቤቷ ለፎዚያ አደራ ትልና ባጃጅ ይዛ ትበራለች። ሰገራ ተመረመረ፣ ደም ተመረመረ፣ አልትራሳውንድ ተነሣች። ምንም አልተገኘም። የታዘዘላትን መድኃኒት ጨረሰች፣ ለውጥ የለም። ጸበል ወሰደቻት። እዚያ በሰነበቱበት ጊዜ ሃኒ አንድም ቀን አላመማትም፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ታወራለች። ተሻለች “ተፈወሰች” ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። አዳማ በተመለሱ በማግሥቱ ልጅቷ እንደገና እጥፍ አለች።

በመጨረሻ ያዩዋት የሆስፒታል ሐኪም ወረቀቱን ሁሉ ካገላበጡ በኋላ ሃኒን ውጪ እንድትጠብቅ አደረጉና እናትየዋን “ልጅቷ የምትዋሽ እንዳይመስልሽ፣ ሕመሟ የእውነት ነው” አሏት። “ግን ምንጩ ሆዷ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ምን አለ?”

“ቤታችን ሰላም ነው፣ ዶክተር” አለች ተሻለች።

አልዋሸችም። ከባሏ ከዘገዬ ጋር ተጯጩኸው አያውቁም። ዘገዬ አይሱዙ ይነዳል፤ ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ድሬዳዋ ያደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሲመጣ ይበላል፣ ይተኛል፣ መኪናውን ያሳጥባል፣ ይሄዳል። ክፉ ቃል የለም። እውነቱን ለመናገር ደግ ቃልም አልነበረም፤ ግን ይህን ተሻለች እንደ ጉድለት ቆጥራው አታውቅም። ያደገችበት ቤትም እንዲሁ ጸጥ ያለ ነበር።

ሐኪሙ የአንዲት የቤተሰብ አማካሪ ስልክ ሰጧት።

አማካሪዋ ደራርቱ ትባላለች። ቢሮዋ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነች። ተሻለች ነጭ ጋውን ያደረገች ሴት ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን ሹራብ የለበሰች፣ ከእሷ የምታንስ ወጣት ነው። ደራርቱ “አካም ጂርቱ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ” ብላ ተቀበለቻቸውና ልጅቷን ብቻዋን አላይም አለች። አባትየውም መምጣት አለበት።

ዘገዬ ሲነገረው ተቆጣ። “ያመማት እሷ፣ የምታከሙት እኔን?” አለ። ቢሆንም ልጁ ነችና አንድ ጭነት ትቶ መጣ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ሃኒ መሃል ነበረች። ደራርቱ አባትየውን “ልጅዎ ለምን የታመመች ይመስልዎታል?” ስትለው ዘገዬ ወደ ሃኒ ዞረ። “እናትሽ ጥናት ጥናት እያለች ታስጨንቅሻለች አይደል?” አላት። ተሻለችም ወደ ሃኒ ዞረች። “ንገሪያት እንጂ! አባትሽ ቤት የሚውለው መቼ እንደሆነ ንገሪያት!” ሃኒ ሁለቱንም አላየችም። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ሆዷ ሄደ።

“እንግዲህ አንድ ነገር ልበል” አለች ደራርቱ። “ከገባችሁ ጀምሮ ሁለታችሁ አንድ ቃል አልተለዋወጣችሁም። ሁሉም በሃኒ በኩል ነው የሚያልፈው። ቤትም እንዲህ ነው?”

የመለሰችው ሃኒ ናት፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

“አባዬ የሚደውለው ለእኔ ነው። ‘ለእናትሽ ነገ አልመጣም በያት’ ይለኛል። እነግራታለሁ። እማዬ ደግሞ ‘እንደፈለገ ይሁን በይው’ ትለኛለች።”

“ትይዋለሽ?”

“እንዳለ አልነግረውም። አስተካክዬ ነው።”

“አስተካክለሽ ማለት?”

“እንዳለ ብነግራቸው ይጣላሉ። ስለዚህ… ‘አይዞህ በርታ ብላለች’ እለዋለሁ። ለእሷም ‘ይቅርታ ብሏል፣ አስቦሻል’ እላታለሁ።”

ተሻለች ጆሮዋን ማመን አቃታት። ስንት ጊዜ፣ ከባሏ ጋር ተቀያይማ፣ “አባዬ ይቅርታ ብሏል” የሚለውን ቃል ሰምታ ልቧ ራርቷል። ስንት ጊዜ “አፉ አይፈታም እንጂ ልቡ ደግ ነው” ብላለች። ዘገዬም ልጁን ትክ ብሎ አያት። “እንዲህ ከሆነ፣ ባለፈው በዓል ድሬዳዋ ስቀር ‘እማዬ ናፍቃሃለች’ ያልሽኝስ?” አላት። መልሱን ከፊቷ አነበበው። ዘገዬ አንገቱን ደፍቶ የመኪና ቁልፉን በጣቶቹ ሲያሽከረክር ቆየ። ባልና ሚስቱ ለብዙ ዓመት ያገናኛቸው ነገር ቢኖር የገዛ ልጃቸው የፈጠረችው የፍቅር ቃል ነበር።

ደራርቱ አልወቀሰቻቸውም። “ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለው ነገር ሲከብዳቸው ሦስተኛ ሰው ይጨምራሉ” አለች። “ለእነሱ ቀለል ይላል፤ ሦስተኛው ግን የሁለቱን ሸክም ይሸከማል። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ እምቢ አይልም። የሃኒ አፍ እምቢ ማለት አልቻለም፣ ሆዷ እምቢ አለ።” አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው፦ እርስ በርሳችሁ የምትነጋገሩት ነገር ካለ በቀጥታ ተባባሉ። ባትችሉ ዝም በሉ። በሃኒ በኩል ግን አይለፍ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ደራርቱ ተሻለችን ብቻዋን ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እየሳለች፣ ከሃኒ ጀምራ በዘር ሐረጉ ወደ ላይ መውጣት ያዘች። ዘገዬ፣ ተሻለች፣ ከዚያ የተሻለች እናትና አባት።

“እናቴ አርፋለች። አባቴ አቶ ዲበኩሉ የሚኖሩት ሁሩታ ነው፣ ስንዴ ያርሳሉ። አንድ ወንድም አለኝ፣ ኪሩ። ዓለም ጤና ሽንኩርት ያለማል። ሚስቱ ጂጂ ትባላለች፣ ልጆች አሏቸው።”

“ወንድምዎ ከአባትዎ ጋር እንዴት ናቸው?”

“አይነጋገሩም። ኪሩ አጨዳ ሲደርስ እርሻውን ጥሎ ወደ ዓለም ጤና ሄደ። አባባ ‘ከእንግዲህ ስሙን አታንሡብኝ’ አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ኩርፊያ ነው።”

ደራርቱ በአባትና በልጅ መካከል ያለውን መስመር በሁለት አጫጭር ጭረቶች ቆረጠችው። “ታዲያ አባትዎ ስለ ኪሩ እንዴት ይሰማሉ?”

“በእኔ በኩል” አለች ተሻለች።

ከአፏ የወጣውን ቃል ራሷ ሰማችው። ደራርቱ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀቻት። ተሻለች ወረቀቱን አየች፤ ከአባቷ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ኪሩ። ወረድ ብሎ ደግሞ ከዘገዬ ወደ ሃኒ፣ ከሃኒ ወደ እሷ። አንድ ዓይነት ሦስት ማዕዘን ነበር።

“እኔም አስተካክዬ ነው የምነግራቸው” አለች ቀስ ብላ።

ቀጥላ የተናገረችው ግን ሌላ ነው። “ገባኝ። አሁኑኑ ሄጄ አስታርቃቸዋለሁ። ሽማግሌ ሰብስቤ…”

“አይ” አለች ደራርቱ። “ያንን ካደረጉ ያው መሃል ገቡ ማለት ነው። ማስታረቅ የእነሱ ጉዳይ ነው። እርስዎ የሚለውጡት የራስዎን ቦታ ብቻ ነው። ‘ሁለታችሁንም እወዳለሁ፣ ቃል ግን አላመላልስም’ ማለት። ይህን ሲሏቸው ይቆጣሉ። ‘ምን ሆነሻል፣ ተለወጥሽ’ ይሉዎታል፣ የድሮዋን ተሻለችን ይፈልጓታል። ያኔ ሁለት ነገር ያምርዎታል፤ ወይ ይቅርታ ብሎ መመለስ፣ ወይ አኩርፎ መቅረት። ሁለቱንም አያድርጉ። ቅርብ ሆነው፣ ግን በራስዎ ቆመው ይቆዩ። ከባዱ እሱ ነው።”

ተሻለች ሁሩታ የሄደችው ቅዳሜ ነው። አቶ ዲበኩሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የዘር ስንዴ ይለቅሙ ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

“ያ ልጅ ምን ይላል?”

ኪሩን በስም አይጠሩትም። ተሻለች በሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሁሉም ትነግራቸው ነበር፤ “ሰላም በዪልኝ ብሏል” የሚል፣ ኪሩ ያላለውን ቃልም ትጨምርበት ነበር።

“ደህና ነው፣ አባባ። ግን አንድ ነገር ልነግርዎት መጥቻለሁ። ስለ ኪሩ ማወቅ ከፈለጉ ስልኩን ላስይዝልዎ እችላለሁ። ከእንግዲህ ግን በመካከላችሁ ቃል አላመላልስም።”

“ምን አደረግሁሽ?”

“ምንም አላደረጉኝም። ደከመኝ።”

“እሱ ነው እንዲህ በይ ያለሽ።”

“እሱ ገና አያውቅም። ለእሱም ይህንኑ እነግረዋለሁ።”

“እናትሽ ብትኖር እንዲህ አታደርግም ነበር።”

“እማማ ብትኖር ኖሮ የምታመላልሰው እሷ ነበረች” አለች ተሻለች፣ እየተናገረችውም እውነት መሆኑ ገባት። እናቷ በሕይወት ሳለች በዚያ ቤት ሁሉም ነገር በእናቷ በኩል ነበር የሚያልፈው። ስትሞት ሥራው ለእሷ ተላለፈ፤ ማንም አልሾማት፣ ማንም አልጠየቃት።

አቶ ዲበኩሉ ስንዴውን አስቀምጠው ተነሡና ወደ ጓሮ ሄዱ። እስክትሄድ ድረስ አልተመለሱም። በሚኒባሱ ውስጥ ተሻለች የራሷን ሆድ ያዘች። ሹፌሩ “ምነው እትዬ፣ ልቁም እንዴ?” እስኪላት ድረስ አመማት።

ኪሩም አልተሻለም። በስልክ ስትነግረው “አንቺም የእሱ ወገን ሆንሽ?” አላት። “የማንም ወገን አይደለሁም” ብትለው ዘጋባት። ቆይቶ ራሱ ደወለና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ “የልጆቹን ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ ለአባባ አሳዪልኝ” አለ።

“አንተ አሳያቸው።”

“ስልኩ ፎቶ አይቀበልም!”

“እንግዲያው ልጆቹን ራሳቸውን ውሰድላቸው” አለችው። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች፤ ይህም ያው ትእዛዝ ነው፣ ያው መሃል መግባት ነው። ለደራርቱ ስትነግራት ደራርቱ ሳቀች። “በአንድ ጊዜ አይለቅም” አለቻት።

አባቷ ስልክ ማንሣት አቆሙ። የድሮዋ ተሻለች ቢሆን ኖሮ ወይ ቄስ ይዛ እግራቸው ላይ ትወድቅ ነበር፣ ወይ “ካልፈለጉኝ ይተዉት” ብላ እሷም ታኮርፍ ነበር። ሁለቱም በልቧ መጥተዋል። ግን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ትደውላለች፤ አያነሡም። በሚቀጥለው እሁድም ትደውላለች። ወሩ ሲያልቅ ለቤታቸው መስኮት መጋረጃ ሰፍታ ይዛ ሄደች። አላባረሯትም። ወንበር ላይ ወጥታ ዘንጉን ስታስገባ ከታች ሆነው ያዩአት ነበር። ከዚያ በድንገት፣ ለመጋረጃው የሚናገሩ ይመስል፣ አወሩ።

“አባቴ ሌላ ቤት ሠርቶ አቦምሳ ተቀምጦ ነበር። እናቴ የምትልከው እኔን ነው። እህል በሚጭን መኪና ላይ ተንጠላጥዬ እሄዳለሁ፣ የሚለውን ሰምቼ እመጣለሁ። አንድ ቀን ‘ታምሜያለሁ፣ ና በለው’ አለችኝ። ሄድኩ። ‘አልመጣም በላት’ አለኝ። መጥቼ እንዳለ ነገርኳት። በጥፊ አጮለችኝ።” የመጋረጃውን ጫፍ ዳሰሱ። “ቃሉ እኮ የእሱ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት።”

ተሻለች ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። “ስንት ዓመትዎ ነበር?”

“የወተት ጥርሴ ገና እየተነቀለ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፌን መያዝ ነው የለመድኩት። የተናገረ ይመታል ብዬ።”

ይህን ታሪክ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። “አዩ፣ ለዚህ እኮ ነው” ብላ ልታስተምራቸው ምላሷ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስትነሣ እስከ በሩ ሸኟት።

ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ዘገዬ ከአዋሽ ደውሎ እንደ ልማዱ “ሃኒ፣ ለእናትሽ…” ሲል ሃኒ “እማዬ እዚህ ናት፣ ላቅርብልህ” አለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ከክፍሉ ወጣች። ባልና ሚስት በስልክ ተፋጠጡ።

“እ… መኪናው ተበላሽቷል። ነገ አልደርስም።”

“ሁሌ አትደርስም” አለች ተሻለች። በሃኒ በኩል ቢያልፍ ኖሮ “አይዞህ” ሆኖ ይደርሰው የነበረ ቃል ነው።

ዘገዬ ሲመጣ ተጣሉ። በደንብ ተጣሉ። ልጅቷ ስትታመም ብቻዋን ስለመንከራተቷ፣ እሱ መንገድ ላይ እንቅልፍ እየጣለው ሲነዳ አንድም ቀን “እንዴት ነህ” ብላው ስላለማወቋ፣ የዓመታት ነገር ሁሉ ወጣ። በማግሥቱ ፎዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ “ደህና አደራችሁ? ድምፅ ሰማሁ መሰለኝ” አለቻት በጥንቃቄ። “ደህና ነን” አለች ተሻለች። “ተጣልተን ነው።” ፎዚያ ምን እንደምትል ጠፍቷት ሳቀች፤ ተሻለችም ሳቀች።

ሃኒን በዚያ ጠብ ቀን አመማት፣ ትምህርት ቤትም ቀረች። ደራርቱ ይህን አስቀድማ ነግራቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወላጆቿ ድምፃቸው ከፍ ሲል ልጅቷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ጓደኛዋ ቤት መውጣት ለመደች። አንድ ቀን ዘገዬ “እስኪ አንቺ ፍረጂ፣ ማናችን ነን ልክ?” ቢላት፣ “አባዬ፣ እኔ ነገ ፈተና አለብኝ” ብላው ሄደች። ሕመሙ እየራቀ ሄደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ፈተና ሲደርስ ብቅ ይላል። ግን ከትምህርት ቤት ስልክ መደወል ቆመ። ዘገዬና ተሻለችም አዲስ ሙሽሮች አልሆኑም። ብዙ ቀን ዝም ይባባላሉ፤ አንዳንድ ቀን ግን እሱ ከመንገድ ራሱ ይደውልላትና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ኬላው ያወራላታል። እሷም ትሰማዋለች።

የኪሩ ሚስት ጂጂ ለልጆቿ ዩኒፎርም ልትገዛ አዳማ መጥታ ሱቅ ብቅ ያለችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጨርቅ እየነካካች ስታወራ “ትንሹማ ካባባ ጥጃ ከተሰጠው ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም” አለች።

“የቱ አባባ?”

“የናንተው ነዋ! ሁሩታ ሄደን አልነበር? ኪሩ አልነገረሽም?”

ኪሩ አልነገራትም። አቶ ዲበኩሉም አልነገሯትም። ጂጂ እንደምትለው ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም አላለቀሰም። ሽማግሌው በሩ ላይ ልጃቸውን ሲያዩ “ገብታችሁ ተቀመጡ እንጂ” አሉ፤ ከዚያ ስለ ስንዴው ዋግና ስለ ሽንኩርት ዘር ሲያወሩ ዋሉ።

ተሻለች “እሰይ” አለች። ጂጂ ከሄደች በኋላ ግን ስፌቱ እምቢ አላት፤ ሰፍታ ፈታችው። ለደራርቱም ሳትደብቅ ነገረቻት።

“ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ያለ እኔ? ስንት ዓመት የደከምኩት እኔ፣ ሲታረቁ ለእኔ የሚነግረኝ ጠፋ?”

“ምን የቀረብዎ ይመስልዎታል?” አለች ደራርቱ።

ተሻለች አሰበችበት። “ያለ እኔ የማይሆን ነገር ነበር። አሁን ያለ እኔ ሆነ።” ቀጥላም “ሃኒም ይህን ታስብ ይሆን?” አለች። ደራርቱ “ይጠይቋት” አላለቻትም። ተሻለችም አልጠየቀቻትም፤ ለጊዜው ለራሷ ያዘችው።

እሁድ ለአባቷ ደወለች። አነሡ። ዝናቡ መልካም እንደሆነ፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ የጎረቤት በሬ አጥር እንዳፈረሰባቸው ነገሯት። ስለ ኪሩ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እሷም አልጠየቀችም። ሊሰነባበቱ ሲሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ጠረጉ።

“ስሚ፣ እሁድ እሁድ ብቻ ነው እንዴ የምትደውይው?”